የማንጁላ እሳት ሳይለኮስ

ኢንስፔክተር ኒርጃ ሶንካር ስልኳ በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ የሚታያት የልጇ ሬሳ ነው። ወይ ከአውቶብስ ወድቃለች፣ ወይ ጋንጋ ወንዝ ወስዷታል፣ ወይም እናት በአፏ የማትጠራው ነገር ደርሶባታል። ስለዚህ በዚያ የግንቦት ቀትር ተደውሎላት የሞተችው ከጉጃራት የመጣች ተሳላሚ መበለት መሆኗን ስትሰማ እፎይ አለች። ወዲያው በእፎይታዋ አፈረች። ሟቿም ልጅ ይኖራት ይሆናል።

ነበራት። ፋልጉኒ ትባላለች። ኒርጃ ስትደርስ ልጅቷ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ባለው የጸበል ኩሬ ደረጃ ላይ፣ ከእናቷ ሬሳ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሁለት ሰዎች የቀርከሃ ቃሬዛ ይዘው ከበላይዋ ቆመዋል። እግሯን ዘርግታ መንገዱን ዘግታባቸዋለች።

«ማንም አይነካትም» አለች ቀና ሳትል። «ፖሊስ እስኪመጣ ብያለሁ።»

«ፖሊስ ነኝ።»

ልጅቷ ቀና አለች። ዓይኗ ደርቋል። «ትልቁ አባባ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊያቃጥላት ነው። ከነደደች በኋላ ማንን ምን ብዬ እጠይቃለሁ? እናቴ ደረጃ የሚያዳልጣት ሴት አይደለችም።»

«ትልቁ አባባ ማነው?»

«የአባቴ ታላቅ ወንድም። ሃስሙክ። ከቤታችን ወንድ እሱ ብቻ ነው የመጣው፣ ስለዚህ እሳቱን የሚለኩሰው እሱ ነው። እሳቱን ከለኮሰ ደግሞ የቤቱ አባት እሱ ነው። እኔም የእሱ ነኝ። በወሩ ለፈለገው ይድረኛል።»

«አንቺ የምትፈልጊው ሌላ ነው?»

«ሌላ ነው። ከዘራችን አይደለም። እናቴ ግን እሺ ብላኝ ነበር።»

ኒርጃ ጎንበስ ብላ ሬሳውን አየች። በግንቦት የኩሬው ውሃ ስለሚሸሽ ደረጃው እስከ ታች ደርቋል። ሟቿ ማንጁላ በጀርባዋ ተንጋላለች፤ ራሷ ወደ ውሃው፣ እግሮቿ ወደ ላይ ናቸው። ደሙ የፈሰሰው ከማጅራቷ ነው። ገላዋ ላይ የጠመጠመችው ነጭ የሳሪ ጨርቅ ጫፍ ከግንባሯ አልፎ እስከ አገጯ ወርዶ ፊቷን ሸፍኗል። ግራ እጇ ጫፉን እንደጨበጠ ቀርቷል።

«ይህን ያለበሳት አለ?»

«የለም። እንዲህ ነው ያገኘኋት። ማንም እንዲነካት አልፈቀድኩም።»

የኒርጃ ረዳት ራምአሽሬይ ከላይ ሆኖ አንዱን እግሩን በሌላው ላይ እየደረበ ይዘላል። ወደ መቅደስ ጫማ አይገባም። ከዋናው በር እስከ አዳራሹ ውሃ የተረጨ የጆንያ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ከአዳራሹ እስከ ኩሬው ግን ባዶ ድንጋይ ነው።

«ማዳም፣ ቶሎ በሉ እንጂ። እግሬ ተጠብሶ አለቀ።»

«የእኔስ ከምን የተሠራ መሰለህ?» አለች። እሷም ውስጥ እግሯ እየለበለባት ነበር።

ስልኳ ጮኸ። ልጇ ሳትሆን አለቃዋ ነበር።

«ምን ያዘሽ ኒርጃ?»

«ሬሳ፣ ጌታዬ።»

«ባናራስ ውስጥ ሬሳ ዜና ነው እንዴ? ሰው እዚህ ለመሞት ከየሀገሩ በባቡር ይመጣል። እሷ ሳትለፋ አገኘችው። ቤተሰቡ አመልክቷል?»

«ልጇ አመልክታለች።»

«ወንድ ማለቴ ነው።»

«እሱ ሊያቃጥላት ቸኩሏል።»

«ታዲያ አትከልክይው። ጥርጣሬ ካለሽ አስጎብኚያቸውን እሰሪው። በሰዓቱ ጠፍቶ ነበር አሉ።»

«ፀሐይ እስክትጠልቅ ይስጡኝ።»

«ብሰጥሽስ ምን ታገኛለሽ?»

«የከፋውን» አለች ኒርጃ። «ሁልጊዜ የማገኘው እሱን ነው።»

ስልኩን ዘጋችው። በዚህች ከተማ የሞተ ነጻ ወጣ ይባላል፤ ስለዚህ እንዴት ሞተ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ገዳይ ከዚህ የተሻለ ከተማ ከየት ያገኛል?

አስጎብኚው አቫዴሽ ከበሩ ጥላ ስር ቁጢጥ ብሏል። አጠገቡ በሸክላ ጽዋ የተቀዳ እርጎ ሞቆ ቀርቷል።

«አስጎብኚ ሲጠፋ ወይ ሱቅ ገብቷል ወይ ታስሯል ይላሉ» አለ ለመቀለድ እየሞከረ። «እኔ ሁለቱንም ላደርግ ነው መሰለኝ።»

«የት ነበርክ?»

«እርጎ ልገዛ። እማማ ማንጁላ ናት የላከችኝ። ከአደባባዩ ማዶ ካለው ሱቅ ካልሆነ አልጠጣም አለች። እዚሁ በር ላይ ይሸጣል ብላት፣ ሂድ አልኩህ አለችኝ። ልጅቷንም ከሴቶቹ ሰልፍ አስገብታት ነበር።»

«ዛሬ እንዴት ነበረች?»

«ጠዋት በጀልባ ስንወጣ እንዴት ያለች ሳቂታ! ጀልባ ቀዛፊውን ስታሾፍበት ነበር፤ "አንተ ከምትቀዝፍ ወንዙ ራሱ ቢወስደን ይሻላል" እያለች። እዩዋት።» ስልኩን አወጣ። በፎቶው ላይ የማንጁላ ሳሪ ከትከሻዋ ላይ ወድቋል፤ ነፋስ ሽበቷን በትኖታል፤ ጥርሷ ሁሉ ይታያል።

«አቶ ሃስሙክ ፎቶው ውስጥ የሉም።»

«ጠዋት ተኝተው ነበር። ከቁርስ በኋላ ነው የተቀላቀሉን። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ቀረ።»

የኩሬው በር በቀትር ይቆለፋል። ቁልፉ ካህኑ ዲናናት ወገብ ላይ ተንጠልጥሏል። ወፍራም ሽማግሌ ነው፤ ኒርጃ ስትቀርበው ኩታውን ሰብሰብ አደረገ።

«በሩን ማን ከፈተው አባት?»

«አምላክ ለፈለገው ይከፍታል።»

«ቁልፉን እርስዎ ጋ ሰቅሎ ነው የሚከፍተው?»

ካህኑ ተቁነጠነጠ። «ሴትየዋ ለመነችኝ። ብቻዬን መጸለይ እፈልጋለሁ ብላ። ዓይን ዓይኔን እያየች ስትለምነኝ እንዴት እምቢ ልበል? ከፈትኩላትና ሄጄ ጋደም አልኩ። ደንብ ጥሰሃል እንዳልባል ነው የደበቅኩት። ደግሞ አንቺ ልጅ፣ ሬሳን ሳያቃጥሉ ማዋል ኃጢአት ነው። አቶ ሃስሙክ ትክክል ናቸው።»

ሃስሙክ አዳራሹ ውስጥ ከማራገቢያው ስር ተቀምጧል። ረጅም፣ ልብሱ የጸዳ፣ ፀጉሩ በጥንቃቄ የተቀባ ሰው ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ደረቁ ወለል ላይ ሲቀመጥ እሱ ግን ከውሃው ጋን ስር መርጦ፣ ሁለት እግሩን ውሃው ባቆረበት ቦታ አኑሯል።

«ከአዳራሹ ወጥተው ነበር?» አለችው ኒርጃ።

«የትም። ከበር እስከዚህ በምንጣፉ መጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሴቶቹን ስጠብቅ ነበር።»

«ማንጁላ ምን ዓይነት ሴት ነበረች?»

«ጨዋ።» ራሱን ነቀነቀ። «ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ጣራ ስር ኖረን ፊቷን ገልጣ አላየኋትም። ሁልጊዜ እንደተሸፈነች ናት። ሞታ እንኳ ባየኋት ጊዜ እንደወትሮዋ ነበረች። የምትለኝ ካለ በሚስቴ ወይም በልጅቷ ታስነግረኛለች እንጂ አንድ ቃል በቀጥታ አትናገረኝም።»

«ዛሬም?»

ጋኑ ይንጠባጠባል። «ዛሬም» አለ።

«ልጅቷ ግን ሬሳውን አላስነሳም ብላለች።»

«እሷን እኔ አስተካክላታለሁ። እናቷ ናት ያበላሸቻት። አሁን እኔ አለሁ።»

ሲነሳ ከንፈሩን ነከሰ። በእግሩ ጠርዝ እየረገጠ ጥቂት ተራመደ። «ጉልበቴ ነው» አለ ዓይኗን አይቶ። ከዚያ የአዳራሹን ደረጃ እንደ ወጣት ሽቅብ ወጣው።

ኒርጃ ቆማ አየችው። ፎቶው መጣባት። የካህኑ ቃል መጣባት። ቀጥሎም የተጨበጠው የሳሪ ጫፍ። ከጠረጠረችው ሁሉ የከፋው ይህ ነበር፤ ገዳዩ ከቤት ውስጥ ነበርና።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ሁሉንም በኩሬው አፋፍ፣ በግንቡ ጥላ ስር ሰበሰበቻቸው። ቃሬዛ ተሸካሚዎቹም መጡ። ፋልጉኒ ከእናቷ አጠገብ አልተነሳችም።

«ምን እንጠብቃለን?» አለ ሃስሙክ። «እንጨቱ ተደርድሯል።»

«እንጨት አይቸኩልም፣ አቶ ሃስሙክ። አዳምጡኝ። ደረጃ ሲወርድ የሚያዳልጠው ሰው እግሩ ነው ወደ ታች የሚቀድመው። እሷን እዩዋት። ራሷ ከታች፣ እግሯ ከላይ። ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ፣ ከላይዋ ከቆመ ሰው ጋር ፊት ለፊት ነበረች።»

«የጸለየችው ወደ መቅደሱ ዞራ ይሆናል» አለ ካህኑ።

«የሚጸልይ ሰው አስጎብኚውን ማዶ አይልክም። ልጁን ሰልፍ አያስገባም። የተቆለፈ በር አያስከፍትም። ማንጁላ ሁላችሁንም አንድ በአንድ ያራቀችው ከአንድ ሰው ጋር ብቻዋን ልትነጋገር ስለፈለገች ነው። ያላራቀችው ማንን ነው?»

አቫዴሽ ወደ ሃስሙክ ዞረ። ሃስሙክ ሳቀ። «ይህ ምርመራ ነው ወይስ የሴቶች ወሬ?»

«እሱ ብቻ ቢሆን ወሬ ነው እል ነበር። ፊቷን እዩት። ጠዋት ለቀዛፊው ገልጣዋለች፤ ለአስጎብኚው ገልጣዋለች። አባት፣ በሩን ሲከፍቱላት ፊቷን አይተዋል?»

«አይቻለሁ። ዓይኗንም።»

«እንግዲህ ይህን ሳሪ እስከ አገጯ ያወረደችው ለማን ነው? እዚህ የቆማችሁ ባለትዳሮች ሁሉ ታውቁታላችሁ። ሴት ለባሏ ታላቅ ወንድም ፊቷን ትሸፍናለች። ለካህን አይደለም፣ ለመንገደኛ አይደለም፣ ለውሃም አይደለም። ስትሞት ፊት ለፊቷ የቆመው እርስዎ ነዎት፣ አቶ ሃስሙክ።»

«ሁልጊዜ እንደተሸፈነች ናት እኮ አልኩሽ» አለ። ድምፁ ከፍ ብሏል።

«እርስዎ ባሉበት ሁልጊዜ። ለዚህ ነው ሳሪውን ከፊቷ ሳይገልጡት የሄዱት። ሌላ ፊት እንዳላት ስለማያውቁ። ይህች ሴት ስትስቅ ምን እንደምትመስል እዚህ ካለነው ሁሉ የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ሃስሙክ ወደ በሩ ተመለከተ።

«አዳራሹን አልለቀቅኩም ብለዋል» ቀጠለች። «ጉልበት የሚያመው ሰው ደረጃ ላይ ነው የሚቸገረው። እርስዎ ግን ደረጃውን ሮጠው ወጡ፤ ሜዳው ላይ ነው ያነከሱት። ከቀትር ወዲህ እግርዎን ውሃ ውስጥ አስቀመጡ። ይህን ድንጋይ በቀትር ያቋረጠ፣ ባዶ እግሩን መሄድ ያልለመደ ሰው እንዲህ ይሆናል። ውስጥ እግርዎን ያሳዩን።»

«እምቢ ብልስ?»

«ሐኪም ፊት ያሳያሉ። መቼም ቃጠሎው እስከ ማታ አይድንም።»

ሃስሙክ ግንቡን ተደገፈና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እግሮቹ ከፊቱ ተዘረጉ። ከተረከዙ እስከ ጣቶቹ ውሃ ቋጥሯል፤ አንዱ ፈንድቷል።

«በእጇ ጠራችኝ» አለ ወደ መሬት እያየ። «እኔን፣ በእጇ። ተከትያት ብመጣ አፏን ከፍታ ተናገረችኝ። በሰው አይደለም፣ እዚሁ ፊት ለፊቴ። እንደ እኩያዋ።»

«ምን አለች?» አለች ፋልጉኒ። ከተቀመጠችበት ተነስታለች።

ሃስሙክ የቆሰለ እግሩን በእጁ ሸፈነ።

«ምን አለች? ቃሏ የእኔ ነው። ንገረኝ።»

«"ልጄን የምድራት እኔ ነኝ" አለች። "የምድራትም ለመረጠችው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስለ እሷ የሚወሰነውን ከእኔ ይስሙ" አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። ዝም አላለችም። ገፋኋት። ዝም እንድትል ነው እንጂ እንድትሞት አልነበረም።»

«አልተሳካልህም» አለች ፋልጉኒ። «ይኸው በአንተው አፍ ተናገረች።»

ራምአሽሬይ ሃስሙክን በክንዱ ይዞ አነሳው። እያነከሰ በድንጋዩ ላይ ሲሄድ ማንም ምንጣፍ ያነጠፈለት የለም።

ካህኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ወንድ የላትም ማለት ነው። እሳቱን የሚለኩስ ከሀገሯ እስኪመጣ...»

«ዛሬ ለአስከሬን ምርመራ ትሄዳለች» አለች ኒርጃ።

«ነገስ?»

«ነገ እኔ እለኩሳለሁ» አለች ፋልጉኒ።

«ልጄ፣ ሴት ወደ ማቃጠያው ዳርቻ አትወርድም። ማን ይፈቅድልሻል?»

«ማንም። አልጠየቅኩም እኮ።»

ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ካህኑን አዩ፤ ካህኑ ራሱን ነቀነቀ፤ ሁለቱም ወደኋላ አሉ። ፋልጉኒ አላየቻቸውም። ከአቫዴሽ ጋር እናቷን ቃሬዛው ላይ አጋደመች፤ ገመዱን አጥብቃ አሰረች። ከዚያ በፊተኛው ጫፍ ተንበርክካ ትከሻዋን ከቀርከሃው ስር አስገባች። አቫዴሽ ከጎኗ ገባ። የኋለኛው ሁለት ጫፍ ባዶውን ቀረ።

ኒርጃ አለቃዋ ምን እንደሚል አሰበች። ነገ ጋዜጦቹ ምን እንደሚጽፉ፣ ማን እንደሚከሳት፣ ወደ የት እንደምትዛወር ሁሉ በዓይነ ህሊናዋ አየችው። ሁሉም የከፋ ነበር። ኮፍያዋን አውልቃ ከአንደኛው ጫፍ ስር ገባች። ከቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ወጣቱ ጥቂት ቆየና ካህኑን ሳያይ አራተኛውን ያዘ።

«በሉ» አለች ፋልጉኒ፣ «እናንሳት።»