የባዘቶ ዕንባ

በልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ ኣክበረት ባዘቶ የሚባል ትንሽ ነጭ ውሻ አላቸው። ስሙን ያወጡለት ባለቤታቸው አቶ ተኽላይ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ገና ዓመት አልሞላም። ልጆቻቸውም ትዳር ይዘው ስለወጡ፣ ከገበያ ሲመለሱ በር ላይ የሚቀበላቸው ባዘቶ ብቻ ነው። ሥጋ መርጠው ያበሉታል፣ ገላውን ያጥቡታል። ዓይኑን ግን አላዩለትም።

ከዐቢይ ጾም ጀምሮ ከግራ ዓይኑ ሥር ቀይ ቡናማ መስመር ወርዶ ነጩን ፀጉር አበላሽቶት ነበር። ሐኪም ዘንድ መሄድ ያኔ ነበር። የእኛ ሰው ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ "ምን ሆኖ ነው?" ከማለቱ በፊት "ምን ሊያመጣብን ነው?" ይላል።

"ደም እያነባ ነው እኮ!" አሉ የሁለተኛ ፎቋ ወይዘሮ ባፈና ደረጃ ላይ ቆመው። "ውሻ በከንቱ አያለቅስም። አቶ ተኽላይን ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ማንን ሊያስከትል ነው?"

ወሬው ሕንፃውን ሲወጣ ሲወርድ ሰነበተ። ግንቦት ልደታ ሦስት ቀን ሲቀራት የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ፍሰሐ መጡ።

"እኔ እንኳ በዚህ አላምንም፣ ወይዘሮ ኣክበረት" አሉ። እንዲህ ያለውን መልእክት ይዞ የሚመጣው መቼም ሁልጊዜ የማያምነው ሰው ነው። "ጎረቤቱ ግን ፈርቷል። ልደታን ግቢ ወጥተን ስናከብር ያ ውሻ እንደዚያ ሆኖ ከታየ፣ ከዚህ መውጣቱ ነው።"

ወይዘሮ ኣክበረት በሩን ዘግተው አለቀሱ። ክሊኒክ ይዘውት ቢወርዱ "ይኸው ታመመ" ይባላል፤ ቢተዉት ደግሞ ይወሰድባቸዋል። ደግሞስ፣ እውነቱን እንናገር፣ እሳቸውም በልባቸው ፈርተው ነበር። ስለዚህ ዓይኑን ትተው መስመሩን ለማጥፋት ቆረጡ።

የልደታ ዕለት ጠዋት አንድ ቆርኪ በረኪና በውኃ በጠበጡ። አንሶላ የሚያነጣ ነገር ይህችን ታህል ፀጉር ያቅተዋል ብለው አላሰቡም። ጥጥ ነክረው ጠረጉ፤ መስመሩ ፈዘዝ ሲል ደስ አላቸው። ደግመው ሲነክሩ ባዘቶ አንገቱን አዞረ፤ ከጥጡ የተንጠባጠበው ዓይኑ ውስጥ ገባ።

ጩኸቱ ኮሪደሩን ሞላው። በፊት እግሩ ዓይኑን እየቧጠጠ አልጋ ሥር ገባ።

የፊት ለፊት ጎረቤታቸው መሪማ እየሮጠች መጣች። "እትዬ፣ ምን ነካው?"

"ምንም... ልጠርግለት ብዬ..."

የቤቱ ሽታ ግን ሁሉንም ተናገረ። "በረኪና! በእጅዎ እንዳያሹት! ውኃ ይስጡኝ፣ ብዙ ውኃ!"

ወይዘሮ ኣክበረት ቧንቧውን ከፈቱት፤ አየር ብቻ ተነፈሰ። የውኃው ፈረቃ የዚያ ቀን አልነበረም። በጀሪካናቸውም የቀረችው ለአንድ ብርጭቆ የምትሆን ነበረች።

መሪማ ቤቷ ገብታ ሙሉ ጀሪካን እየጎተተች ተመለሰች። ይህች ሴት የውሻ ምራቅ የነካውን ልብስ ለሶላት አጥባ እንጂ የማትለብስ፣ ባዘቶን በደረጃው ስታገኘው ግድግዳውን ታክካ የምታልፍ ነበረች። አሁን ከአልጋው ሥር አውጥታ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። "ልብሱ ይታጠባል። እርስዎ በጆጉ ያፍስሱ፣ ቀስ ብለው፣ ሳያቋርጡ" አለች። ወይዘሮ ኣክበረት እያለቀሱ አፈሰሱ። "አይዞህ ወደይ፣ አይዞህ ልጄ!" ይላሉ። ጀሪካኑ ተጋመሰ፤ ባዘቶ ግን ዓይኑን አልገለጠም።

በኮንትራት ታክሲ አብነት አጠገብ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰዱት። ዶክተር አብዱልሃኪም እንደገና በደንብ አጠበው፤ ቀጥሎም ዓይኑ ላይ አረንጓዴ ቀለም ጠብ አድርጎ በመብራት አየው።

"ብሌኑ ቆስሏል" አለ በመጨረሻ።

"ይታወራል?"

"አሁን ልነግርዎት አልችልም። ውኃው በቶሎ ባይደርስለት ኖሮ ግን ጥያቄም አልነበረውም።" ከዚያም በመቆንጠጫ የዓይኑን ዙሪያ እያሳየ "ይችን ፀጉር ያዩአታል? ወደ ውስጥ አድጋ ዓይኑን ስትወጋው ከርማለች። ዕንባው የመጣው ከዚህ ነው" አለ።

"ደሙስ?"

"ደም የለም፣ እናቴ። የውሻም የድመትም ዕንባ ቀለም አለው፤ ነጭ ፀጉር ላይ ሲደርቅ ይቀላል። ያን ጊዜ ቢያመጡልኝ ፀጉሯን አሳጥሬ፣ ዕንባ መውረጃው ተደፍኖ እንደሆነ አይቼ፣ በአንድ ቀን እንጨርሰው ነበር።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አሉ ወይዘሮ ኣክበረት ለራሳቸው። እፍረቱ አጥንታቸው ድረስ ገባ።

አመሻሹ ላይ ጎረቤቱ ግቢ ወጥቶ ንፍሮ ሲቃመስ፣ ወይዘሮ ኣክበረት ባዘቶን፣ ዓይኑን እንዳይቧጥጥ አንገቱ ላይ የተደረገለትን መከላከያ እንዳጠለቀ፣ ታቅፈው ወረዱ። ወይዘሮ ባፈና አማተቡ።

"ያነባው ደም አይደለም" አሉ ወይዘሮ ኣክበረት። "ፀጉር ዓይኑን ወግቶት ነው። ሟርት ፈርቼ፣ እናንተንም ፈርቼ፣ በረኪና የጨመርኩበት እኔ ነኝ። አሁንም ይውጣ የሚል ካለ እኔም አብሬው እወጣለሁ።"

አቶ ፍሰሐ "ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም" አሉና ከወንበራቸው ተነሥተው አስቀመጧቸው።

ለሦስት ሳምንት መድኃኒቱን በሰዓቱ ጠብ አደረጉለት። መጀመሪያ እጃቸውን ባየ ቁጥር ይሸሽ ነበር፤ እሳቸውን ከቁስሉ ይልቅ ያመማቸው ይህ ነበር። አሁን ጠዋትና ማታ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ ጥጥ እየያዙ ይጠርጉለታል፤ የዓይኑን ዙሪያም ክሊኒኩ በየጊዜው ያሳጥርለታል። ወይዘሮ ባፈና እንኳ የእህታቸው ድመት ዓይኗ ሲያነባ አስቀድመው የጠየቁት የዶክተሩን ስልክ ነበር።

እንስሳ አፍ የለውም፤ ያመመውን በዓይኑ ይነግረናል። ዕንባው በአንድ ዓይን ሲበረታ፣ ዓይኑ ሲቀላ ወይም ሲጨፈን ወደ ሐኪም እንውሰደው እንጂ ትርጉም አንፈልግለት፤ ለልብስ የተሠራውንም ዓይኑ አጠገብ አናድርስ።

ባዘቶ አልታወረም። ዛሬ ጥጡን ሲያይ ራሱ መጥቶ አገጩን በወይዘሮ ኣክበረት መዳፍ ላይ ያሳርፋል። ቀዩ መስመር ጠፍቷል። በብሌኑ ላይ ግን ትንሽ ነጭ ጠባሳ አለች፤ ወይዘሮ ኣክበረት በየቀኑ ያዩዋታል።