የተዘጋው መታጠፊያ

ሬሳው የተገኘው ሃይሌ ጋርመንት መንገድ ዳር በቆመች ኮንቴነር ቢሮ ውስጥ ነው። ደጅ መኪናው እንደ ልማዱ ተቆላልፎ ክላክሱን ያስጮኻል። ሰው ሞተ ብሎ የቆመ አንድም መኪና የለም እንዳይባል፣ ድሮስ መቼ ተንቀሳቅሶ ያውቅና።

ሟቹ ወጋየሁ ይባላል፤ የአካባቢውን የትራፊክ መጨናነቅ ሲያጠና የነበረ ቡድን መሐንዲስ ነው። ማጅራቱን የተመታው በመለኪያ መሣሪያ ማቆሚያ ብረት ሲሆን፣ ብረቱም እዚያው አጠገቡ ወድቋል። ኢንስፔክተር ፅጌረዳ የተላከላት የፖሊስ መኪና መንገድ ላይ ስለተያዘ ከላፍቶ በእግሯ ስትገሰግስ መጣች። ገና ላቧን ሳትጠርግ ስልኳ ጮኸ። አዛዥዋ ነበሩ።

«ገዳዩ ተይዟል፤ ማሞ የሚባል የታክሲ ሾፌር ነው። ሲዝትበት አገር ሰምቶታል። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ስለሚቀርብ ቶሎ ጨርሺ።»

«እሺ ጌታዬ» አለች። በልቧ ግን፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አለች።

ኮንቴነሯ ሁለት በር አላት። አንዱ ወደ ዋናው መንገድና ወደ ታክሲ ተራው፣ ሌላው ከኋላ ወዳለው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይከፈታል። የኋላው በር በመቀርቀሪያ የሚዘጋው ከውስጥ ነው። አሁን መቀርቀሪያው ተስቦ በሩ ገርበብ ብሏል፤ የተሰበረ ነገር ግን የለም። ፅጌረዳ ጎንበስ ብላ ደጋግማ አየችውና ወደ ጣቢያ ሄደች።

ማሞ ዐይኑ ደም መስሎ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ለመከራከር እንኳ ጉልበት የለውም።

«ገደልከው?»

«አልገደልኩትም። ልገድለው ግን ፈልጌ ነበር፤ ይኼንንም ይጻፉት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክረምቱ በፊት እነ ወጋየሁ መጨናነቁን እንቀንሳለን ብለው ወደ ጤና ጣቢያው የሚያስገባውን መታጠፊያ በኮንክሪት ደፈኑት። የማሞን ሚስት ዝማሬን ምጥ ሲይዛት በራሱ ታክሲ ጭኗት ወጣ። ጤና ጣቢያው ከመንገዱ ማዶ እየታየው፣ ለመዞር ሲል እስከ ላፍቶ ወረደ። እዚያም መኪናው ግጥም ብሎ አላላውስ አለው። ልጅቷ ታክሲው ውስጥ ተወለደች። እናቷ ደሟ ፈሶ እዚያው ሞተች።

«ዛሬ ጠዋት ተራ ላይ ቆሜ ሳለ ወጋየሁ፣ ‹ማሞ፣ አንድ ነገር ልንገርህ› ብሎ ጠራኝ። ደጃፉ ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። ‹የዝማሬ ደም በእጅህ ነው፤ አንተም አትከርምም› አልኩትና ወደ መኪናዬ ተመለስኩ።»

«ምን ሊነግርህ ነበር?»

«እኔ እንጃ። አላስጨረስኩትም።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ያንን ዛቻ ከሰልፈኛው ሁሉ ጆሮ ማን ይመልሰዋል?

ጣቢያው በር ላይ የማሞ አማት ወይዘሮ አረጋሽ ሕፃኗን ታቅፈው ቆመዋል። «ልጄ» አሉ የፅጌረዳን እጅ ይዘው፣ «እኔ የልብ ሕመምተኛ ነኝ፤ ለነገ አልተማመንም። እሱ ከታሰረ ቲናን ለማሳደጊያ ከመስጠት በቀር ምንም የለኝ። እናቷን አጣች፤ አባቷንም ልታጣ ነው? ጌታ ያውቃል፣ እሱ አላደረገውም።»

ፅጌረዳ ቃል አልገባችም፤ የምትገባው ቃል አልነበራትም። ተመልሳ ወደ ኮንቴነሯ ሮጠች ማለት ይቀላል።

መጀመሪያ ያገኘችው የታክሲ ተራ አስከባሪውን ቦጋለን ነው። ሬሳውን ያየው እሱ ነበር።

«መታጠፊያው ሲዘጋ አንተ ተጠቀምክ ይባላል።»

«ምን እዋሻለሁ፣ አዎ። ታክሲው ሁሉ እዚህ መቆም ግድ ሆነበት። ቢከፈት ተራው ወደ ታች ይሄዳል፤ እንጀራዬም አብሮ።»

«ዛሬ ከሰልፉ ዘወር ብለህ ነበር?»

«የጠዋቱን ሰልፍ ትቼ? ፊቴን ባዞር እኮ ሰዉ እርስ በርሱ ይረጋገጣል። ማሞም ጭኖ ሄደ፣ ሌሎቹም ሄዱ፤ ሰልፉ ሲሳሳልኝ ውኃ ልለምን ብገባ ወድቆ አገኘሁት።»

ቀጥላ ቢፍቱን ጠየቀቻት። ቢፍቱ የሟቹ ባልደረባ ናት፤ ጠዋቱን መስቀለኛው ላይ ከትራፊክ ፖሊሱ ጎን ቆማ መኪና ስትቆጥር እንደነበር ፖሊሱ መስክሮላታል።

«ዛሬ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ወጋየሁ እዚያ ላይ፣ ‹መታጠፊያውን መዝጋታችን ስህተት ነው፤ ሰው ገድለንበታል፤ ይከፈት› ሊል ነበር። አስቀድሜ ግን ለማሞ ፊት ለፊት ልንገረው አለ።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና አለቃችን ኢንጂነር ኤልያቄም።»

ኤልያቄም ሽክ ያለ ሰው ነው። ጫማው አቧራ አልነካውም፤ የመኪና ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። መታጠፊያው እንዲዘጋ የወሰነው እሱ ነበር፤ ተመስግኖበታልም።

«እርስዎ ጠዋት የት ነበሩ?»

«መንገድ ላይ። መኪናዬ ጋራዥ ስለገባ ከሜክሲኮ አደባባይ በታክሲ ነው የመጣሁት። ሰልፉ አይጣል ነው፤ ቆሜ ቆሜ እግሬ ዛለ። እዚሁ ኮንቴነሩ ፊት ለፊት ስወርድ ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ።»

ፅጌረዳ አመስግናው በኋላ በር ወጣች። ከዋናው መንገድ የሸሹ ሚኒባሶች መንደሩን ጥርቅም አድርገው ዘግተውታል። አንድ አጥር ሥር ነጭ የመሥሪያ ቤት መኪና ቆሟል፤ ከኋላው አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና መውጫ አጥቶ ተገትሯል። የግቢው ባለቤት፣ «ይኼ ነጩ ከጠዋት ጀምሮ በሬን ዘግቶብኛል፤ ነጂውም ጥሎት ጠፋ» እያሉ ተማረሩ።

ማሞ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት አዛዧን ለምና ሁሉንም ኮንቴነሯ ውስጥ ሰበሰበች። ማሞ በካቴና መጣ። ወይዘሮ አረጋሽ ሕፃኗን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ከማሞ ልጀምር» አለች ፅጌረዳ። «ጠዋት ተራው የደረሰ ሾፌር መሪውን ትቶ ቢቆይ ከኋላው ያሉት በቁሙ ይበሉታል። ማሞ ደጃፉ ላይ ጮኸ፣ ተመለሰ፣ ጫነ፣ ሄደ። ገብቶ ገድሎ ቢወጣማ ተራው ተዘግቶ አገር ይቀወጥ ነበር። ቦጋለም እንደዚያው፣ ለአፍታ ቢጠፋ ሰልፈኛው ሁሉ ያውቅበት ነበር። ቢፍቱ መስቀለኛው ላይ ናት። በፊት ለፊት በር የገባ ሰው በሰልፈኛው ዐይን ሥር ነው የሚያልፈው፤ የገባም የታየ የለም። እንግዲህ ገዳዩ የመጣው በኋላ በር ነው። በሩን የከፈተለትም ወጋየሁ ራሱ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ስለሆነ።»

«እኔ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ» አለ ኤልያቄም ማንም ሳይጠይቀው።

«ከሜክሲኮ፣ ተሰልፈው?»

«ነግሬሻለሁ እኮ።»

«ጌታዬ፣ ጠዋት ሕዝቡ ወደ መሀል ከተማ ነው የሚገባው። ከሜክሲኮ ወደዚህ የሚመለሰው ታክሲ ባዶውን ነው፤ ረዳቱ ሰው እየለመነ ይጭናል። እዚያ በጠዋት የሚሰለፍ የለም። ደግሞ ኮንቴነሩ ፊት ለፊት ወረድኩ አሉኝ። መታጠፊያውን ከደፈናችሁት ወዲህ ከሜክሲኮ የሚመጣ ታክሲ በወዲያኛው ጠርዝ አልፎ ይሄዳል፤ እዚህ አያወርድም። የሚሳፈር ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እርስዎ ግን የታክሲን ነገር የሚያውቁት በካርታ ብቻ ነው።»

ቦጋለ አንገቱን ነቀነቀ።

«መኪናዬ ጋራዥ…»

«ጋራዥ የገባ መኪና ቁልፉ ከመካኒኩ ዘንድ ነው የሚሆነው። የያዙትን ይስጡኝ፤ ከኋላ የቆመውን ነጭ መኪና ይከፍት እንደሆነ እንሞክረው። በእሱ መጡ፣ ገደሉ፣ ሊወጡበት ሲሉ መንገዱ ተቆለፈብዎት። ጥለውት ዞረው ሲመጡ፣ መኪናዎ የት ነው እንዳይባሉ ታክሲውን ፈጠሩ።»

ኤልያቄም ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«እንዳትናገር ብዬ ለመንኩት። ስሜ ይጠፋል አልኩት። ‹ማሞ ሳይሰማኝ ሄደ፤ ነዋሪዎቹ ግን ይሰሙኛል› አለና ጀርባውን ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እኔም አላውቀውም።»

ወሰዱት። የማሞ ካቴና ተፈታ፤ ወይዘሮ አረጋሽ ስቅስቅ ብለው እያለቀሱ ቲናን አስታቀፉት። እሱ ግን አላለቀሰም። ወደ ቢፍቱ ዞረ።

«ሊነግረኝ የነበረው ምንድን ነው?»

«መታጠፊያው ይከፈታል ሊልህ ነበር። ይቅርታ ሊጠይቅህም።»

ማሞ ልጁን ደረቱ ላይ አጥብቆ ወደ ፅጌረዳ ቀረበ።

«ኢንስፔክተር፣ ቆሜ ባስጨርሰው ኖሮ ያ ሰውዬ ሁለት ሆነን ያገኘን ነበር። ሁለት ሆነን ቢያገኘን ይገድለው ነበር?»

ፅጌረዳ ቀኑን ሙሉ የሰው ውሸት ስትለቅም ውላለች። ልጅቷን አየች፣ እሱን አየች።

«አዎ» አለችው፣ «ይገድለው ነበር።»