በሹፌሩ በኩል ያለው ጎማ

የገብረወልድ ጂፕ ከቡኢ ወደ ቡታጅራ ስትመለስ ቁልቁለቱ ላይ ገደል የገባችው ማክሰኞ፣ ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ነበር። ረቡዕ ገብረወልድ ተቀበረ። ሐሙስ ጠዋት መካኒኩ ሙስተፋ ማንም ሳይጠራው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። የጣቢያው አዛዥ በልቡ ደስ አለው፤ ራሱን አሳልፎ የሚሰጥ ተከሳሽ በየቀኑ አይገኝም። ግን ማንም ሳይከስሰው መምጣቱ ከነከነውና የመቶ አለቃ ሀያቱን ከወልቂጤ አስጠራ።

ሀያቱ ፖሊስ ከመሆኑ በፊት ጦር ሠራዊት ውስጥ ዐሥር ዓመት መኪና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ሰው ሲያናግረው ፊቱን አያይም፤ ሞተር እንደሚያዳምጥ አንገቱን ሰበር አድርጎ ጆሮውን ብቻ ይሰጣል። በዚህ የሚቀየሙት ብዙ ናቸው።

መጀመሪያ ገደሉ ወረደ። ጂፗ ተገልብጣለች፤ ሁለቱም የፊት ጎማዎቿ ወልቀው ወዲያና ወዲህ ወድቀዋል። የቱ ቀድሞ እንደወለቀ ከመንገድ ላይ ቆሞ ለሚያይ አይታወቅም። ሀያቱ ኮቱን አውልቆ ተንበረከከ። የግራው ጎማ ኩሽኔታ፣ ያ ጎማው የሚሽከረከርበት ብረት፣ አዲስ ነበር። የቀኙ ግን በግለት ጠቁሮ ተሰባብሯል፤ ጣቱን ሲሰድም ከውስጡ ግራሶ፣ ያ የመኪና ቅባት፣ የጠጣ ቃጫ ወጣ። ከሥር ያለው ተቃጥሎ ከሰል ሆኗል። ከላይ ያለው ጠርዙ ብቻ ነው የተለበለበው፤ ውስጡ ገና ነጭ ነው። ሁለቱን ለየብቻ በመሐረብ ጠቅልሎ ያዘና ወደ ጣቢያው ተመለሰ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሙስተፋ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ጌታዬ።» ቀና አላለም።

«ማን ከሰሰህ?»

«ማንም። የቡኢው በርበሬ ነጋዴ ሰይዶ ለቅሶ ላይ ሲናገር ሰማሁት። ገብረወልድ ማክሰኞ እሱ ዘንድ በርበሬ ጭኖ ሲነሳ፣ ‹ዛሬስ ዝም ብላለች፤ ሙስተፋ እጁ ይባረክ› ብሏል አሉ። በእኔ ሥራ ተማምኖ ነው የበረረው። ሰውዬው መርቆኝ ሞቶ ሳለ እኔ ቤቴ ምን ብዬ ልቀመጥ?»

«ምን ሥራ ብሎ ሰጠህ?»

«ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን በሬ ላይ አቁሞ ገበያ ሄደ። መልእክቱን ባለቤቱ ወይዘሮ ወለተ ሐና ናት ያመጣችው። ‹ፈጠን ሲል በሹፌሩ በኩል ያለው የፊት ጎማ ያጓራል› አለችኝ። ፈታሁ፤ ኩሽኔታው አርጅቶ ነበር፤ ቀየርኩ።»

«ነድተህ ሞከርካት?»

«መንጃ ፈቃድ የለኝም። ማታ ራሱ መጥቶ ወሰዳት።»

ሀያቱ ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ወለሉ ላይ አራት ጎማ ያላት መኪና ሣለ። «የፈታኸውን አሳየኝ።»

ሙስተፋ የግራውን ነካ።

«ሹፌሩ እዚያ ነው የሚቀመጠው?»

«አዎ፣ ሹፌር ሁልጊዜ...» አለና እጁን ከሥዕሉ ላይ አነሳ። ባለፈው ሰኔ የአገሩ መንገድ ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ከዞረ ወዲህ ወደ ጋራዡ የሚመጡት መኪናዎች መሪያቸው በግራ ነው። እጁም ልቡም ግራን ለምዷል። የገብረወልድ አሮጌ ጂፕ ግን መሪዋ በቀኝ ነበር። ሙስተፋ ፊት ለፊቱ ቆማ ሳለ አይቷት አላያትም።

ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «እንግዲያው በእርግጥ እኔ ነኝ።»

«ይህን ለማንም እንዳትናገር» አለው ሀያቱ። «ለሚስትህም ቢሆን።»

ወይዘሮ ወለተ ሐና የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ሀያቱ አጽናንቷት ከጎኗ ቁጭ አለ።

«ጂፗ ቅዳሜ ከተሠራች በኋላ ጮኸች?»

«እንዴታ! ብሶባት መጣች እንጂ! ገብረወልድ ተናዶ ወንድሜን ተካን አስጠራው። ጂፗን የሸጠልን እሱ ነው። ‹ማክሰኞ ቡኢ ደርሼ እስክመለስ ከጮኸች ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ እመልስልሃለሁ› አለው።»

«ሽማግሌዎቹ ምን አገባቸው?»

«ሲሸጥልን በፊታቸው ምሎ ነበራ! ‹ወለተ ሐና ትሙት፣ አንድ እንከን የለባትም› ብሎ። ወንድሜ በእኔ ከማለ መቼም አይዋሽም።»

«ከዚያ ወዲህ ሙስተፋ መጥቶ ነክቷታል?»

«አልመጣም። መኪናዋም ከግቢ አልወጣችም። ሰኞ የኅዳር ጽዮን ነበር። ገብረወልድ ቅዳሴ ሄደ፤ እኔ አሞኝ ቀረሁ። ተካ ሊጠይቀኝ መጥቶ፣ በሽታ የሚጋባበት ይመስል በእጁ አንጓ ሰላም ብሎኝ ሄደ። ከእሱ በቀር ሰው አላየሁም።»

ሀያቱ ባርኔጣውን ይዞ ተነሳ።

ተካን ያገኘው ሱቁ ደጃፍ ላይ ነው። ሰውየው በሦስት ቀን ውስጥ ከስቷል፤ ያም ለአማቹ ከማዘን የመጣ ነው ብለው ሰዎች አዝነውለታል።

«ጂፗ አንተ ዘንድ ሳለች ትጮህ ነበር?»

«በጭራሽ! የገደለው ሙስተፋ ነው። ጤነኛውን ጎማ ፈትቶ የታመመውን እንዳለ ተወው። ሙያ የሌለው ሰው ለምን ጋራዥ ይከፍታል?»

«እውነትህን ነው» አለ ሀያቱ፣ ባርኔጣውን አስተካክሎ። «ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡ ግቢ እንድትመጣ።»

ቅዳሜ፣ የጂፗ የፊት ጎማዎች ሙስተፋ ግቢ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ወይዘሮ ወለተ ሐና፣ ተካና የጣቢያው አዛዥ አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። ጎማዎቹን ከገደሉ ተሸክሞ ያመጣው ሙስተፋ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ሙስተፋ ተሳስቷል» ብሎ ጀመረ ሀያቱ። «የቀኙን ፍታ ቢባል የግራውን ፈታ። ስለዚህ ጂፗ ባለፈው ቅዳሜ ማታ እንደ ልማዷ ጮኸች። ማክሰኞ ግን ዝም አለች፤ ሰይዶ ምስክር ነው። የታመመ ብረት በራሱ አይድንም። በመሃል የቀኙን ጎማ የፈታ ሰው አለ።»

መሐረቡን ዘረጋ።

«ይኸው። ድምፅ እንዳይሰማ የተጠቀጠቀ ቃጫ ነው።»

«ቃጫ በየቤቱ አለ» አለ ተካ ፈጠን ብሎ።

«አለ። እዚህ ግን ሁለት ነው። የከሰለው የቆየ ነው፤ ጂፗ ስትሸጥ የነበረ። ለዚህ ነው በመጀመሪያ ጸጥ ያለችው፤ እሱ ሲቃጠል ጩኸቷ ተመለሰ። ነጩ አዲስ ነው። አሮጌው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው የጨመረበት።» ወደ ተካ ዞረ። «ሙስተፋ ጤነኛውን ፈትቶ የታመመውን መተዉን ነግረኸኝ ነበር። ያን ቀን ይህን የምናውቀው እኔና ሙስተፋ ብቻ ነን። አንተን ማን ነገረህ? ማንም። ጎማውን ስትከፍት የራስህን ቃጫ እዚያው አገኘኸው። መካኒክ ቢነካው ኖሮ ጎትቶ ይጥለው ነበር፤ ሙስተፋ እንዳልከፈተው ያወቅከው ከዚያ ነው።»

ተካ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ።

«ወይዘሮ ወለተ ሐና፣ ሰኞ ወንድምዎ በምን ሰላም አለዎት?»

«በአንጓው» አለች፣ ነገሩ ገና ሳይገባት።

«በአንጓ ሰላም የሚባለው እጅ ሲቆሽሽ ነው። እኔ እስላም ነኝና እርስዎ ይንገሩኝ። በኅዳር ጽዮን ዕለት ክርስቲያን ምን ሥራ ሠርቶ እጁ ይቆሽሻል?»

ወለተ ሐና ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ እጆች አየች። እሱም እንደ ልጅ ከጋቢው ውስጥ ደበቃቸው።

«እንዲሞት አይደለም!» አለ ተካ። «ማክሰኞን ብቻ ዝም ብላ እንድታልፍልኝ ነበር። ከዚያ በድብቅ ላሠራት ነበር። በሽማግሌ ፊት ውሸታም እንዳልባል ብዬ...»

«ሕይወቱን የሚጠብቅለት ያ ጩኸት ነበር» አለ ሀያቱ። «ቢሰማው ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር። አንተ ዝም አሰኘህበት፤ እሱም ድናለች ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ለቀቃት።»

ወለተ ሐና ተነስታ ወንድሟ ፊት ቆመች። «ምነው ውሸታም ተብለህ ብትቀር፣ ተካ! የማልከው በእኔ ነበር። እኔ ይቅር እልህ ነበር እኮ።» አዛዡ ተካን ይዞት ሲወጣ ዞራ አላየችውም።

«አንተም ወደ ቤትህ ሂድ» አለው ሀያቱ ሙስተፋን። ሙስተፋ ግን አልተነሳም።

«ባለፈው ቅዳሜ ትክክለኛውን ፈትቼ ቢሆንስ፣ ጌታዬ?»

ሀያቱ አጠገቡ ተንበረከከ። መኪና ቢሆን ኖሮ የሚነካውን ቦታ ያውቅ ነበር።

ወለተ ሐና ወደ መካኒኩ ሄደች። ሙስተፋ ደንግጦ ብድግ አለና እጁ ግራሶ ስለሆነ አንጓውን ዘረጋላት። እሷ አንጓውን አልያዘችም፤ መዳፉን በመዳፏ ጨበጠችው።

«መልእክቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለችው። «መኪናዋ እዚሁ ቆማ ነበር። ጎማውን በጣቴ ነክቼ ባሳይህ ምን ነበረበት?»

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ድንኳኗ ሄደች። ግራሶው እጇ ላይ እንዳለ ነበር፤ አልጠረገችውም።