ሳይቆሙ ያለፉበት ማረፊያ

«ጌቴ፣ ያችን ቪዲዮ እስቲ አምጣት። እትዬ ሰብለ ወንጌል አላዩዋትም» አለች እናቱ።

ጌትነት ስልኩ ኪሱ ውስጥ መሆኑን እያወቀ መጀመሪያ መደርደሪያው ላይ፣ ቀጥሎ ሶፋው ሥር የሚፈልግ መሰለ። አያቱ ከተቀበሩ አምስተኛ ቀናቸው ነው። ቀብሩ የተፈጸመው ጣና ዳር ባለችው መንደራቸው ነበር። አሁን እናቱ እታገኘሁ አዘዞ ባለው ቤታቸው ለቅሶ ተቀምጣለች። የዕድሩ አግዳሚዎች ከሳሎኑ አልፈው በረንዳውን ሞልተውታል። የሆስፒታል ባልደረቦቿ በቡድን በቡድን ይመጣሉ፣ «እግዜር ያጽናሽ» ብለው ይቀመጣሉ፣ ትንሽ ቆይተው ይሄዳሉ። ቪዲዮውን ሳያይ የሄደ ግን የለም።

«ኪስህን እየው እንጂ፣ ልጄ።»

አወጣው። ሁለቱ ቪዲዮዎች ስልኩ ውስጥ ጎን ለጎን ናቸው፤ በአንድ ቀን የተቀረጹ ናቸውና። ጣቱ እንዳይስት ተጠንቅቆ የመጀመሪያውን ነካ።

አያቱ አያ ላቀው ከደንገል በታሰረችው ታንኳቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ሐይቁ ያብረቀርቃል። «ሸጋ አድርገህ ያዛት ስልክህን» ይላሉ። «እይ፤ ጉልበትህ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ሰዓት ሳይሞላ ይደነዝዛል። ለዚህ ነው ይችን የደንገል ጥቅል ከጉልበቴ ሥር የማደርጋት። መርገጫዬ ደግሞ ይችው። ስቀዝፍ ውስጥ እግሬ ይችን ይገፋል፤ ባቴ ይሠራል፣ ወገቤ ያርፋል። ደረስሁ ብለህ ደግሞ ዘለህ እንዳትነሣ። መጀመሪያ ጣቶችህን አንቀሳቅስ። ባትህን ከቁርጭምጭሚትህ ወደ ላይ እሸው። ከዚያ እግርህን ወደ ውኃው አውርደህ ትንሽ ቆይ።»

«ለምን እቆያለሁ?» ይላል ከስልኩ ጀርባ የጌትነት ድምፅ።

«ብዙ ሰው የሚወድቀው ሐይቁ መኻል እንዳይመስልህ። ዳር ደርሶ ነው የሚወድቀው። እሱ ደርሷል፤ እግሩ ግን ገና መንገድ ላይ ነው!» ሽማግሌው ይስቃሉ። ቪዲዮው እዚያ ላይ ያበቃል።

እትዬ ሰብለ ወንጌል በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «የተባረክህ! ድምፃቸውን ሳይቀር አስቀረህልን። ስንቱ ልጅ ስልኩን ለጭፈራ ሲያውለው አንተ የአያትህን ምክር ያዝህበት።»

ጌትነት መሬት መሬት አየ።

«እኔን ነው የሚያነደኝ» አለች እታገኘሁ። ድምፅዋ ከማልቀስ ብዛት ሻክሯል። «ፊዚዮቴራፒስት ነኝ እኮ። ‹ተነሡ፣ ተራመዱ፣ እግራችሁን አሠሩ› ስል ነው የምውለው። የገዛ አባቴን ግን በስልክ ‹እግርዎ ካበጠ ታንኳውን ይተዉት› አልኋቸው። ‹እሺ ልጄ፣ አንቺ ካልሽ ተውሁት› አሉኝ። በቃ፣ አራት ወር ሙሉ ከደጃቸው ሳይርቁ ሞቱ። ከሐይቁ የለየኋቸው እኔ ነኝ።»

«ተይ እንጂ እቴ! ቀናቸው ደርሶ ነው።»

«ቀናቸውን ያቀረብሁትስ? ሰኞ ማመልከቻ አስገባለሁ። ካርድ ክፍልም ቢሆን ይመድቡኝ። ከእንግዲህ በምን አፌ ነው ለሕመምተኛ የምመክር?»

ከባልደረቦቿ አንዷ «አንቺ ከሄድሽ ያ ክፍል ምን ይሆናል?» ማለት ጀምራ ተወችው። ጌትነት ባዶ ብርጭቆዎች የሚሰበስብ አስመስሎ ወጣ።

ማመልከቻው ተጽፎ አልቋል፤ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አይቶታል። «የሥራ ዝውውር ስለመጠየቅ» ይላል። እናቱ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራችበት ክፍል ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው አቁማ ስታራምድ፣ ከሕመምተኛው ብሳ የምትደሰት ሴት ናት።

በረንዳው ጥግ ቆመ። እነዚህን አምስት ቀናት ብቻውን በሆነ ቁጥር ያ ቅዳሜ ይመጣበታል።

የጥምቀት ሰሞን ነበር። ለዕረፍት መንደር ሄዶ፣ አያቱ የዓሣ ቋንጣ ወደ ጎርጎራ ገበያ ሲወስዱ አብሯቸው ታንኳዋ ላይ ወጣ። የአራት ሰዓት ቀዘፋ ነው። አያ ላቀው በመንገዱ ላይ ሦስት ማረፊያ ነበራቸው፦ ዋርካው ሥር፣ ጥቁሩ ድንጋይ አጠገብ፣ መጨረሻም ደንገሉ መኻል ያለች አሸዋማ ቦታ። በየማረፊያው ይወርዳሉ፣ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ፣ ከዚያ እንደገና ይቀዝፋሉ። ድንጋዩ አጠገብ አንድ ፈረንጅ በቀይ ፕላስቲክ ካያክ፣ አንድ ሰው በሚቀዝፋት ጠባብ ጀልባ፣ አጠገባቸው ደርሶ ነበር። አያ ላቀው አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩና «እይማ! እነሱም መርገጫ አላቸው! ይኸ ሰው እግሩን ያውቃል» ብለው ለፈረንጁ እጅ ነሡት። የመጀመሪያውን ቪዲዮ የቀረጸው ከዚያ በኋላ፣ እዚያው ነው።

ድንጋዩን እንዳለፉ የጌትነት እግር ውርር ያደርገው ጀመር። ተቁነጠነጠ። አያቱ የገዛ ጥቅላቸውን ከጉልበታቸው ሥር መዘው ሰጡት።

«እርስዎስ፣ አባባ?»

«እኔ ለምጃለሁ።»

ተቀበላቸው። አሸዋማዋ ማረፊያ ስትታይ ደግሞ ስልኩን አየ። ጎርጎራ ውስጥ ኳስ የሚያሳይ ቤት አለ፤ ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

«እዚህም ልንቆም ነው? ኳሱ እኮ ሊጀምር ነው!»

«ምነው እንዲህ ቸኮልህ? እግር ካላፍታቱት ይለግማል።»

«ሊጀምር ነው ስልዎት፣ አባባ! አሁን ነው የሚጀምረው!»

ውሸት ነበር። ገና አንድ ሰዓት ከሩብ ይቀረው ነበር። አያ ላቀው ሰዓት የላቸውም። አሸዋዋን አዩ፣ እሱን አዩ። «እሺ፤ እንዳልህ ይሁን» ብለው መቅዘፊያቸውን ነከሩ።

ጎርጎራ ሲደርሱ ዳሩ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ባታቸውን ማሸት ጀመሩ። «ቶሎ ይበሉ እንጂ!» አላቸው። ተነሡ። እግራቸው እንደ ረጠበ ገመድ ተጠቀለለና በእጃቸው ጭቃው ላይ ወደቁ። ለመቆም ሞከሩ፤ አልሆነም። ከዚያ በእጅና በጉልበታቸው እየዳሁ ወደ ሣሩ ወጡ። የጌትነት እጅ ወደ እሳቸው አልተዘረጋም፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ነበር። ዳር የቆሙት ልጆች ሳቁ። እሱም ሳቀ። አያ ላቀውም ጭቃቸውን እየጠረጉ ትንሽ ስለ ሳቁ፣ ነገሩ ቀልድ ብቻ መሰለው። ኳሱንም አየ። ማን እንዳሸነፈ ግን አሁን አያስታውስም።

ማታውን ቪዲዮውን ለክፍል ጓደኛው ለአቢ ላከለት። አቢ «አያታችን ዳዴ ጀመሩ» ብሎ ከሦስት የሚስቁ ፊቶች ጋር ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። በሁለት ቀን ዘጠኝ ሺህ ሰው አየው።

«ጌቴ!»

ዞረ። አቢ ራሱ ነበር፤ የክፍል ልጆችን ወክሎ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ሰው ፊት ምን እንደሚባል ግራ የገባው ይመስላል።

«እ... እግዜር ያጽናችሁ።»

«አሜን።»

ጎን ለጎን ቆሙ። አቢ ወደ ሳሎኑ ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያንን ነገር ከስልክህ አጠፋኸው አይደል?»

«አላጠፋሁትም።»

«አቦ ምን ትጠብቃለህ? እኔ እኮ ካወረድሁት አራት ወር ሆነው። ማንም አያስታውሰውም። ላሽ በለው።»

«ፅዮን ታስታውሳለች።»

ፅዮን ከአያ ላቀው ጋር ትኖር የነበረች የአክስቱ ልጅ ናት። በየካቲት ደውላ፣ «አስጠፋው እባክህ። ወንዶቹ አባባን ባዩ ቁጥር ‹ዳዴ! ዳዴ!› እያሉ እየዳሁ ይከተሏቸዋል» ብላው ነበር። ያኔ አቢን ለመለመን አራት ቀን ፈጀበት፤ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ቪዲዮውን ገና እያደነቁለት ነበርና። በአራተኛው ቀን አያ ላቀው ታንኳቸውን ከውኃ አውጥተው አጥራቸው ላይ አስደገፏት። ከዚያ ወዲያ አልነኳትም።

የቀረውን ደግሞ የቀብሩ ዕለት ነገረችው። አያቱ ቪዲዮውን አሳይኝ ብለዋት ነበር። እስከ መጨረሻው አዩት። «ይኸ ሳቅ የጌትነት ነው» አሉ። ስልኳን መለሱላትና ጥቂት ቆይተው፣ «ለእናቱ እንዳትነግሪ። ልጅ ነው» አሏት። የእታገኘሁ ስልክ የተደወለው ታንኳዋ ከወጣች በኋላ፣ በዚያው ሳምንት ነው። «እሺ ልጄ፣ አንቺ ካልሽ ተውሁት።»

«እናቴ በእሷ ምክንያት የሞቱ ይመስላታል» አለ ጌትነት። «ሰኞ ከክፍሏ ልትለቅ ነው።»

አቢ ከንፈሩን ነከሰ። «እና ስትነግራት ሊሻላት ነው? ሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን? ስማኝ ጀለሴ፣ አንዳንዴ ዝም ማለትም ደግነት ነው። ራሳቸው አያትህስ አትንገሪ ብለው የለ?»

ጌትነት አምስት ቀን ሙሉ ለራሱ ሲለው የከረመውን ነው አቢ የነገረው፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ግን አስጠላው። አያቱ ዝም በሉ ያሉት እሱን ሊያተርፉ ነው። እናቱ እንዲህ ትሆናለች ብለው መቼ አሰቡ?

«የኔን ስም ትጠራለህ?» አለ አቢ። ዓይኑ ፈርቷል።

«የቀረጽሁት እኔ፣ የላክሁትም እኔ ነኝ።»

«እሱማ... ጽሑፉን የጻፍሁት ግን እኔ ነኝ።» አቢ የሸሚዙን ቁልፍ ነካካ። «እንደ ዋዛ ነበር እኮ፣ ጌቴ። እናቴ ትሙት።»

«አውቃለሁ። እኔም እንደ ዋዛ ነበር።»

አቢ ትንሽ ቆሞ ወደ ሳሎኑ ገባ። ለእታገኘሁ ሲያጎነብስ፣ እሷም «እደግ፣ ልጄ» ስትለው ጌትነት በመስኮቱ አየ። አቢ ሲወጣ ቀና ብሎ አላየውም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የመጨረሻዎቹ ለቀስተኞች ሄዱ። እትዬ ሰብለ ወንጌል በር ላይ የጌትነትን ራስ ዳበስ አድርገው «እናትህን አደራ» አሉት። ሳሎኑ ድንገት ሰፊ ሆነ። እታገኘሁ ቆማ የዕድሩን ብርጭቆዎች በካርቶን ትደረድራለች። ጌትነት ማገዝ ጀመረ።

«ያንን ማመልከቻ እስቲ አንብብልኝ» አለች ሳትዞር። «ዓይኔ አብጦ አልታይ ብሎኛል። የተሳሳተ ፊደል እንዳይኖር።»

ወረቀቱን አነሣ። ጽሑፏ የለመደው ጽሑፍ አይደለም፤ መስመሩ ወደ ታች ያዘነብላል። «...በሙያዬ ሕሙማንን የማማከር ብቃት እንደሌለኝ ስለተረዳሁ...» እስከሚለው አነበበ። እዚያ ላይ አቆመ።

«ምነው? ተሳስቷል?»

«አዎ።»

«የቱ ጋ?»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። አሁንም «አንድ ፊደል ነው» ብሎ ማለፍ ይችላል፤ ሰኞ እስኪደርስ ሁለት ቀን አለ፤ ከሰኞ በኋላም ሌላ ቀን አለ።

«እማ፣ አባባ ታንኳውን የተዉት አንቺ ስላልሻቸው አይደለም።»

እታገኘሁ የደከመ ፈገግታ አሳየችው። «አንተም ልታጽናናኝ ነው? ቀኑን ሙሉ ሲያጽናኑኝ ዋሉ፣ ልጄ።»

«ላጽናናሽ አይደለም። ምክንያቱን ስለማውቅ ነው። ሌላም ቪዲዮ አለ።»

እጇ ላይ የነበረውን ብርጭቆ ሳታስቀምጥ ቆየች። ፊቱን አየችው፤ ሆስፒታል ውስጥ ሕመምተኛ የት ጋ እንደሚያመው ከመናገሩ በፊት እንደምታየው። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ቆይ፤ ልቀመጥ» አለች።

አግዳሚውን በእጇ እየዳሰሰች ሄደች። ጌትነት ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ስልኩን ሳይከፍት በፊት፣ የሚሰማው ሳቅ የማን እንደሆነ ይነግራታል። እስክትቀመጥ ጠበቃት።