በሳትኩ ቁጥር የሚጠረግ ጉሮሮ

ብቻዬን፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ በተቀመጥኩበት ክፍል ውስጥ ጉሮሮውን የጠረገው ማን ነው? እስካሁን መልስ የለኝም፣ መልስ አለመኖሩም ያናድደኛል። መንፈስ፣ ዛር ሲባል ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፤ ልጅ አዝዬ የማታ አንደኛ ክፍል የገባሁ ሰው ነኝና በገዛ ዓይኔ ያላረጋገጥኩትን አላምንም።

ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍት እያነበብኩ በኮምፒውተር እቀርጻለሁ። ይህ ሲሆን የማነበው ህሊና ለምትባል ልጅ ነበር፣ የሕግ ተማሪ ናት፣ ፈተናዋ ደርሷል፣ መጽሐፏ ግን ገና ግማሹም አልተነበበም። በዚያው ሰሞን የኮምፒውተሩን ከርነል አደስኩ፣ ማለቴ ማሽኑንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘውን የሥርዓቱን እምብርት፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ መቅረጫው ፕሮግራም አንዴ በአንቀጽ መሃል፣ አንዴ ገና አፌን ስከፍት፣ በቃ ድርግም!

ባልደረባዬ እታገኝ እጇን ስክሪኑ ላይ ጭና «በኢየሱስ ስም ውጣ!» ትላለች።

«ከርነል ነው እታገኝ!»

«ከርነልም ይሁን ሌጌዎን፣ ይውጣ። ደሞ ደህና ይሠራ የነበረውን የነካካሽው አንቺው ነሽ።»

በጥፊ ልላት ምንም አልቀረኝም።

ሚሞሪውን ፈተሽኩ፣ ደህና ነው። የኮምፒውተሩን የስህተት መዝገብ አየሁ፣ ፕሮግራሙ በየጊዜው የሚሞተው በተለያየ ቦታ ነው። በመጨረሻ ተቆርጠው የቀሩትን ቅጂዎች በማዳመጫ አንድ በአንድ ሰማሁ፣ እመኑኝ፣ ያኔ ነው የፈራሁት። ሁሉም የተቆረጡት ንባብ ከሳትኩ በኋላ ነው፣ «አይችልም» የሚለውን «ይችላል» ብዬ፣ ወይ አንድ መስመር ዘልዬ፤ ስሳሳት ቀስ ያለ የሽማግሌ ጉሮሮ ጠረጋ ይሰማል፣ እህም፣ ከዚያ ድርግም።

ከፍርሃቱ ንዴቱ በለጠብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያወቀም ያላወቀም ንባቤን ሲያርመኝ የኖረው አነሰና አሁን ደሞ ፊቱ የማይታይ ያርመኛል? ኮምፒውተሩን በአሮጌው ከርነል አስነሳሁት፣ መዘጋቱ በዚያው ቆመ። «አየሽ?» አልኳት እታገኝን፣ አፌን ሞልቼ። የዚያን ዕለት ቅጂ ሳዳምጥ ግን ፕሮግራሙ አይዘጋም እንጂ ጉሮሮው አለ፣ በሳትኩ ቁጥር እህም። ማይኩን ቀየርኩ፣ ከጀርባዬ ያለውን ግድግዳ በውጭ በኩል ዞሬ አየሁ፣ ወዲያው ቁልቁለት ነው፣ ሰው የሚቆምበት የለም። በእልህ እያንዳንዷን እህም ከቅጂው ላይ ቆርጬ አወጣሁና፣ ስህተቴን ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሬ የደረስኩበትን ያህል አርሜ፣ ለህሊና ላክሁላት።

ለማንም አልተነፈስኩም፣ ህሊና ፈተናዋን አልፋ ልታመሰግነኝ እስከመጣችበት ቀን ድረስ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ለእሷ ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች።

«እትዬ ሮማን፣ አብረውሽ የሚቀመጡ አዛውንት መስለውኝ ነበር እኮ! እሳቸው ጉሮሯቸውን የጠረጉበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ጓደኛዬን ከመጽሐፉ አስነብባለሁ፣ ሁሌም ያነበብሽው ስህተት ሆኖ ይገኛል፣ አንድ ጊዜም ተሳስተው አያውቁም።»

«ህሊና፣ ቆርጬዋለሁ እያልኩሽ ነው። አንዱንም አላስቀረሁም።»

 ህሊና ከቦርሳዋ ወፍራም መጽሐፍ አውጥታ ጠረጴዛውን በእጇ ፈልጋ አስቀመጠችና «እባክሽ እንዳታባሪያቸው» አለችኝ፣ «ይሄኛው ከባድ ነው።»