ተዘግቶ የነደደው ፈርነስ

እኔ እንደሆንኩ በጋኔን፣ በመንፈስ፣ በጥላ ምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ ልጅ ሆኜ እንኳ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ የሚሸሸውን ጨለማ ብቻዬን ገብቼ እያፏጨሁ የምወጣ ነበርኩ፣ ቶሮንቶ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ድፍረቴ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፣ የትኛውም መንፈስ ከኔ ጋር ሊገጥም ቢመጣ የማዝነው ለሱ ነው እል ነበር። ይህን ሁሉ የምለው እንግዲህ ቤዝመንት፣ ማለት ከቤቱ ሥር ያለው ምድር ቤት፣ ስወርድ ያለውን መብራት ሁሉ አብርቼ፣ ሬዲዮ ይዤ፣ ታች የተቀመጠ ነገር ካለ ቀድሞ ዞር እንዲልልኝ ጮክ ብዬ እየሳልኩ መሆኑን ሳትሰሙ ነው።

ነገሩ የሆነው አርብ ማታ፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር ባለችው ቤቴ ነው። ከባለቤቴ ከተለያየን በኋላ የገዛኋት አሮጌ ቤት ናት፣ የምትሞቀውም ጎረቤቶቿ ሁሉ በተዉት፣ በናፍጣ በሚነድ ፈርነስ ነው። ፈርነስ ማለት ቤዝመንት ቁጭ ብሎ እሳት እየበላ፣ ቤቱን ሁሉ በቆርቆሮ ቧንቧ ትኩስ አየር የሚመግብ፣ ዝሆን የሚያክል ብረት ነው። ዝሆን አልኩ እንዴ? ጥጃ ይበቃዋል።

በማግስቱ ቅዳሜ ልጄ ሶልያና ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ጋ ልታድር ነበር። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ብርድ ሲነካት ደረቷ ይዘጋል። እናቷ ስትደውልልኝ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም፣ «በር ላይ ቆሜ እጄን አስገብቼ አየዋለሁ፣ ከቀዘቀዘ እዚያው አዙሬ ነው የምመልሳት፣ ሁለተኛም እንዳትጠይቀኝ» አለች። ይህች ሴት ዝታ አታውቅም፣ ያለችውን ታደርጋለች፣ በቃ።

አርብ ከሥራ ስገባ ቤቱ በረዶ ሆኗል። እመኑኝ፣ የወጥ ቤቱ ሳሙና ከማስቀመጫው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ብሏል፣ የምናገረው ቃል አየር ላይ ደርቆ ወለሉ ላይ የሚወድቅ መሰለኝ። ውጭ በረዶው ያለማቋረጥ ይጥላል፣ እንደ ክረምቱ ልማድ ገና በጊዜ ጨልሟል። ቴክኒሻን ጋ ብደውል ከሰኞ በፊት ማንም አይመጣም ተባልኩ። የቀረኝ ጌታሁን ነው፣ ዳንፎርዝ አካባቢ ታክሲ የሚነዳ ጓደኛዬ፣ ድሮ ፈርነስ ለሚገጥሙ ሰዎች ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ኮል አደረግኩለት።

«አንተ ልትሠራው?» ብሎ ሳቀ። «አምፖል ስትቀይር ሰፈሩን ያጨለምክ ሰውዬ!»

«ቀልዱን ተወውና ንገረኝ፣ ሶሊ ነገ ትመጣለች።»

ይህን ሲሰማ ሳቁን ዋጠው። «እሺ። ግድግዳው ላይ ያለውን የሙቀት መቆጣጠሪያ ከፍ አድርገሃል?»

«ከዚያ በላይ የሚሄድበት ቦታ የለውም።»

«ደረጃው አናት ላይ ያለው ማብሪያስ?»

«በርቷል።»

«ናፍጣ አለህ?»

«ታንከሩ ላይ ያለው መለኪያ ግማሽ ይላል።»

«በል ማሽኑ ጎን ያለችውን ቀይ ቁልፍ አንዴ ተጫናት። አንዴ ብቻ! ደጋግመህ ከተጫንክ ውስጡ ናፍጣ ይጠራቀምና ሲይዝ ቅንድብህንም ይዞት ነው የሚሄደው።»

ተጫንኳት። ማሽኑ ጓ አለ፣ አጉረመረመ፣ ሊይዝ ነው ብዬ ትንፋሼን ውጬ ስጠብቅ ቀጭ ብሎ ጸጥ አለ። ጌታሁን በስልኩ ሰምቶ «ናፍጣ እየደረሰው አይደለም» አለ፣ ወዲያው ተሳፋሪ መጣበትና «ቆይ፣ ቧንቧውን ተከትለህ…» እንዳለ ተቋረጠ።

ቧንቧውን ተከትዬ ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ባልዲ ደፍቼ ፈርነሱ ፊት ተቀመጥኩ። ብቻውን የሚኖር ሰው ጸጥታን ያውቀዋል፣ እኔም ከሱ ጋር ራት የምበላ ሰው ነኝ፣ የዚያን ምሽቱ ግን ሌላ ነበር፣ ፍሪጁ እንኳ የሚያዳምጥ ይመስል ማጉረምረሙን አቁሟል። ያኔ ነው ከላይ፣ ከበሩ በኩል፣ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ የሰማሁት።

የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ከመንገድ የመጣ ሰው ድካም ያለበት። እኔም ባልዲዬ ላይ እንደተቀመጥኩ «ይግቡ፣ ይግቡ! ታች ነኝ፣ መጣሁ!» አልኩ። የመለሰው አፌ ነው፣ ሽማግሌ ደጅ ቆሞ ሲጣራ ዝም ይባላል እንዴ? ጭንቅላቴ የደረሰው ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው። እዚህ ከተማ የእናት ልጅ እንኳ ሳይደውል አይመጣም፣ እኔ ባለሁበት መንገድ ከኔ ሌላ አንድ ሐበሻ የለም፣ በሩን ደግሞ ስገባ ቆልፌ ሰንሰለቱን አስገብቼበታለሁ።

በሩ ሲከፈት አልሰማሁም። የሰማሁት ጫማ ከበረዶ ሲራገፍ ነው፣ ምንጣፉ ላይ ዱብ ዱብ። ከዚያ እርምጃ፣ ቀስ ያለ፣ አንዱን እግር ትንሽ የሚጎትት፣ ከአናቴ በላይ በኮሪደሩ አልፎ ወጥ ቤት ገባ። ወንበር ተጎተተ። ደክሞት የተቀመጠ ሰው የሚለው «እፎይ» በቆርቆሮው ቧንቧ ወርዶ ጆሮዬ ሥር ደረሰ። የጌታሁን ተንኮል ነው ብዬ ልስቅ ሞከርኩ፣ ከንፈሬ አልታዘዝ አለኝ።

በዚህ መሃል ፈርነሱ፣ እጄ ጉልበቴ ላይ እንዳለ፣ ማንም ሳይነካው ጓ አለ፣ አጉረመረመ፣ ቧ ብሎ ያዘ። በትንሿ ቀዳዳ እሳቱን አየሁት። ሙቀቱ ሽቅብ ሲሄድ ከላይ በዚያው ቧንቧ የሆነ ድምፅ ቁልቁል መጣ፣ ሰው የደነዘዘ እጁን ሲያፋትግ የሚሰማው፣ ደረቅ፣ የቆዳ ድምፅ፣ ቀጥሎም በጣም ዝቅ ብሎ «ተመስገን»።

መዶሻ ይዤ ወጣሁ፣ ወጣሁ ስል አንድ ደረጃ ወጥቼ ሁለት እየወረድኩ ማለቴ ነው። ወጥ ቤት ማንም የለም። ሁለተኛው ወንበር ግን፣ ከገዛሁት ጀምሮ ሰው ተቀምጦበት የማያውቀው፣ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቷል። የበሩ ሰንሰለት እንዳስገባሁት ነው፣ ምንጣፉ ደረቅ ነው፣ በመስኮት ሳይ ደጃፉ ላይ የኔው ዱካ እንኳ በበረዶ ተሸፍኖ ሌላ የማንም ምልክት የለም። እጄን ወንበሩ መቀመጫ ላይ አሳረፍኩ። በዚያ ሳሙና በሚያጣብቅ ብርድ ወንበሩ ይሞቃል።

ከዚያ ቀጥሎ የማስታውሰው መኪናዬ ውስጥ መሆኔን ነው፣ በነጠላ ጫማ። ጌታሁን መልሶ ሲደውል «ያዘ» አልኩት።

«እንዴት አድርገህ?»

«እንጃ።»

«ጎበዝ! በል ሙቀትህን ታቅፈህ ተኛ።»

አልገባሁም። ሞተሩን እያስነሳሁ እያጠፋሁ እዚያው አነጋሁ። ከቤቴ ጭስ ማውጫ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ የወጥ ቤቱ መብራት በርቷል፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከገዛኋት ጀምሮ ያቺ ቤት ሰው የሚኖርባት የመሰለችኝ ያን ሌሊት ብቻ ነው፣ እሱንም ከውጭ ሆኜ።

ጠዋት የሶልያና እናት መጥታ የመኪናዬን መስኮት አንኳኳች። «እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«በረዶ ልጠርግ ወጥቼ።»

«በነጠላ ጫማ?»

መልስ አልጠበቀችም። በሩን ከፍታ እንዳለችው እጇን አስገባች፣ ሙቀቱ ፊቷን መታት። «ጥሩ ነው» አለች፣ ልጄን ሳመቻትና ሄደች። ቅዳሜንም እሑድንም ፈርነሱ ነደደ፣ ሶሊ በካልሲ ወለሉ ላይ ስትንሸራተት ዋለች፣ አንዴም አላሳላትም። እሑድ እናቷ መጥታ ወሰደቻት፣ መኪናው ጥጉን ሳይዞር ታች ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ፈርነሱ ጠፋ።

ሰኞ የመጣው ቴክኒሻን፣ ጢማም ፖርቹጋላዊ፣ ታንከሩ ሥር ተጎንብሶ ጠራኝ። ናፍጣው የሚወጣበት መክፈቻ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፣ አጠገቡ ከደረደርኳቸው የበጋ ጎማዎች አንዱ ተንሸራቶ እጀታውን ገፍቶታል።

«ያልነደደው ለዚህ ነው» አለኝ።

«ሁለት ቀን ሙሉ ነዷል እኮ!»

«አይቻልም።»

«ልጄ እዚህ ነበረች፣ ሞቋታል።»

«ጌታዬ፣ ቧንቧው ደረቅ ነው። በምን ይነዳል?»

ጌታሁን ሲሰማ መስመሩ ውስጥ የቀረ ናፍጣ ይሆናላ አለኝ። ሁለት ቀን? ወንበሩስ? ስለው ወሬ ቀየረ።

ለሱም ያልነገርኩት አለ። ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ስትሄድ እኔና ሶሊ ደጃፉ ላይ ቀረን፣ በሩ ገርበብ ብሏል። «አትገባም ዳዲ?» አለችኝ። «ቀድመሽ ግቢ፣ እግሬን ላራግፍ» አልኳት። ገባች። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ፣ ኮሪደሩን አለፈች፣ ወጥ ቤት ደረሰች፣ ከዚያ ሰው አንድ ነገር እንደነገራት ሁሉ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት እስካሁን አልጠየቅኳትም። ምንም እንዳልሆነች ካረጋገጥኩ በኋላ ነው የገባሁት፣ አዎ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጄን ከፊቴ አስቀድሜ።