የሌባው ስም

ስድስተኛው ደብተር ተመልሶ ሲመጣ ሽፋኑ ሻይ ጠጥቷል፤ ኅዳጉ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ምክር ተሞልቷል። «ሰርጉን አሳምሪው» ይላል አንዱ፤ የክፍል ጓደኛዋ የሱዕዲ እጅ ጽሑፍ ነው። «ሌባው እንዳይያዝ፣ አሪፍ ሰው ነው» ይላል ሌላው፤ እሱ ዐብዲረዛቅ ነው። ሪሐና ደብተሩን ዴስኳ ላይ ወርውራ ግንባሯን ያዘች።

በ1999 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ በጨዋታ መጻፍ የጀመረችው ታሪክ ነበር። ከቶጎጫሌ ጅግጅጋ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር የነጋዴዎችን ዕቃ ይሰርቃል፤ አንዲት ልበ ሙሉ ልጅ ደግሞ ተከታትላ ልትይዘው ትነሳለች። ታሪኩ ዘጠነኛ «ሀ»ን ጨርሶ ዘጠነኛ «ለ»ን አዳረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ሪሐና ሰላም የላትም። አንባቢው ሁሉ አዛዥ ሆነ። የአማርኛ መምህሩ ሳይቀር መጨረሻው ላይ ምክር ቢጤ ጣል እንድታደርግበት ነገራት። ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው እናቷም የራሷ ትእዛዝ ነበራት፦ ሱቅ ውስጥ ደብተር አይከፈትም። ታሪኩ የሪሐና የሚሆነው አዛዥ የጠፋ ቀን ብቻ ነበር።

ዐያን ግን አታዝም። አጠገቧ የምትቀመጥ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ እያንዳንዱን ደብተር ቀድማ የምትዋሰውም እሷ ነበረች። አንድ ቀን ታዲያ እሷም እንደ ሌሎቹ መጣች።

«የሌባውን ስም ብትቀይሪው?»

«ለምን?»

«እንዲሁ። ላንጋሬ ደስ አይልም።»

የሪሐና ትዕግሥት ያን ቀን ተሟጦ ነበር። ሌባዋ ያነክሳል። በጅግጅጋ ደግሞ በሶማሊኛ የሚያነክሰው ላንጋሬ፣ ግራኙ ጉሬ፣ ረጅሙ ዴሬ ይባላል፤ ሰው ከአባቱ ስም ይልቅ በቅጽል ስሙ ይታወቃል፣ የሚቀየምም የለም። ገበያ መሐል ቆሞ «ጃማ» ብሎ ለሚጣራ ሰው አሥር ሰው ይዞርለታል። ስሙን ከገበያው አፍ ነው የወሰደችው፤ ደግሞም ወዳዋለች።

«ፈጠራ እኮ ነው፣ ዐያን» አለቻት። «ካላማረሽ አታንብቢው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ዐያን ማውራት ቀነሰች፤ ደብተሩን መዋስ ግን አልተወችም። ይሄ ደግሞ ሪሐናን ጭራሽ አበሸቃት። ካኮረፉ አይቀር ሙሉ ለሙሉ ማኩረፍ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት እናቷ ሱቁን ትታላት ለሶላት ስትወጣ ሪሐና ሰባተኛውን ደብተር ከጥቅል ጨርቅ ሥር አወጣች። ገና ሁለት መስመር እንደ ጻፈች ፊት ለፊት ጫማ የሚሸጠው ጃማ ጮክ ብሎ ሰው ተጣራ።

«ላንጋሬ! መቼ ገባህ?»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ሸሚዙን ግራሶ የነካው፣ ጺሙን ሂና የተቀባ ሰው ግራ እግሩን እየጎተተ ለጃማ እጁን አነሳለትና ቀጥታ ወደ እሷ ሱቅ መጣ። ከኋላው ዐያን ነበረች፤ መሬት መሬት እያየች።

ሪሐና የዐያንን አባት አይታው አታውቅም። ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ ደግሞ የሚሰማው ዐያን ዋርፋ እንጂ ዐያን ላንጋሬ አይደለም።

«ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ?» አላት ዋርፋ።

«አዎ፣ አዴር» አለች፣ እንደ አጎት አክብራ።

በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። አማርኛ መናገር እንጂ ፊደሉን እንደማያውቅ፣ ከቶጎጫሌ በገባ ቁጥር ልጁ ደብተሩን ወደ ሶማሊኛ እየመለሰች እንደምታነብለት፣ ስድስቱንም እንደጨረሰ ነገራት። ነገ ጭኖ ወደ ጉናጋዶ ይወጣል፤ አሥር ቀን መታገሥ ስላልቻለ መጨረሻውን ከጸሐፊዋ ከራሷ ሊሰማ መጣ። እግረ መንገዱንም አረማት፦ ሙሉ ጭነት የያዘ መኪና እሷ የጻፈችውን ዳገት በአራተኛ ማርሽ አይወጣም። ከስንቱ አራሚ ትክክል የነበረው እሱ ብቻ ነው።

«ያ ሌባው፣ ያ ጉሬ፣ ዋላሂ እንደሱ ያለ ሾፌር አውቃለሁ» አለ እየሳቀ። «ይያዛል?»

ጉሬ? በስድስቱም ደብተር ጉሬ የሚባል ሰው የለም። ሪሐና ቀና ስትል ከዐያን ዓይን ጋር ተጋጨች። ዐያን ከንፈሯን ነክሳ በትንሹ ራሷን ነቀነቀች፤ ልመና ነበር። ለካ ማታ ማታ አባቷ ፊት ተቀምጣ፣ ያ ስም በመጣ ቁጥር አፏ ላይ ስትቀይረው ከርማለች። ሪሐና በኀፍረት ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ዋርፋ ስድስቱ ደብተሮች ከተቀመጡበት መደርደሪያ ያንን ሻይ የጠጣውን አንስቶ ገለጠ።

«ስሙ የትኛው ነው? ሲጻፍ ልየው።»

በየመስመሩ ነበር። ሪሐና አንዱ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይሄ ነው» አለች። «ጉሬ።»

ወፍራም ጣቱን በገዛ ስሙ አራት ፊደላት ላይ ቀስ አድርጎ አሳለፈበት።

«ለሌባ ረዘመ» አለና ሳቀ።

መጨረሻው ገና እንዳልተጻፈ ስትነግረው ከጉናጋዶ ሲመለስ እንዲደርስለት አዝዞ ከጃማ ጋር ሻይ ሊጠጣ ተሻገረ። ዐያን አልተከተለችውም። ሪሐና ይቅርታ በማለት ፈንታ ሰባተኛውን ደብተር ዘጋችና ስድስቱን አውርዳ ጨርቁ ላይ ደረደረቻቸው። የእስክሪብቶዋን ክዳን ነቀለች።

«ስሙን ከየት ልጀምር?»

ዐያን አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን ደብተር ሳትገልጠው አስጠጋችላት።

«ገጽ አሥራ ሁለት» አለች። «ከላይ ሦስተኛው መስመር።»